የሐዲዱ ጀርባ

ጉልቤ ታናሽ እህቱን ጠምዶ የያዛት አባታቸው ብረት ማቅለጫውን እኩል አካፍሏቸው ከሞተ ጀምሮ ነው። አሁን ደግሞ አዲስ ጣጣ አመጣችበት። ለጡብ ፋብሪካው ምድጃ የሚሠሩት ሐዲድ የጋለ ጡብ እየተጎተተበት በየወሩ ይቦረቦራል፤ ጉልቤም በየወሩ አዲስ ይሸጣል። እሷ ግን ቶሎ የማይበላ ሐዲድ እሠራለሁ ብላ ተነሳች።

«የማያልቅ ዕቃ ሸጦ የከበረ ነጋዴ አይተሻል? ገበያዬን ልትዘጊብኝ ነው።»

«ገበያችንን በለው፣ ወንድም ጋሼ። ፋብሪካው ሌላ ሠሪ እያፈላለገ ነው።»

የፋብሪካው የምድጃ አለቃ ጭቅጭቁ ሲሰለቸው፣ የሁለቱም ሐዲድ ጎን ለጎን ገብቶ ለአንድ ወር ይታይ አለ።

«ያንቺ ከተበላ ድርሻሽን ትተሽልኝ ትወጫለሽ» አላት ጉልቤ። እሺ አለች። ከማቅለጫው ሌላ ግን መግቢያ የላትም።

ክሮም የሚባለውን ጠንካራ ብረት ዱቄት በሙጫ ለወሰችና ሐዲዱ የሚፈስበትን የአሸዋ ቅርጽ ከውስጥ ቀባችው። እርጥበት ከቀረው ብረቱን አረፋ ስለሚያደርገው እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ የቀለጠው ብረት ሲፈስ ዱቄቱ ውስጥ ሰርጎ፣ እሳትም ፍትጊያም የማይበግረው ቆዳ ያወጣል። ለሐዲዱ አንድ ፊት ከሚበቃው በላይ ነበር የለወሰችው፤ ምንም አላስተረፈችም። ሐዲዱ ሲወጣ የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደሚሆን የሚያሳይ ቀስት ጫፉ ላይ ቀረጸች።

«እኔው አስገባዋለሁ» አለ ጉልቤ፤ ሁለቱንም ሐዲድ ይዞ ብቻውን ምድጃው ውስጥ ገባ።

ወሩ ሞልቶ ምድጃው ሲበርድ ሦስቱም ገቡ። የጉልቤ ሐዲድ መሃሉ እንደ ቦይ ተቦርቡሯል። የእሷ ፊቱ ልሙጥ ከመሆኑ በቀር እንደገባ ነው። ጉልቤ ተንበርክኮ ዳሰሰው፤ ደግሞም ዳሰሰው።

«አይሆንም» አለ። «ይሄ እኮ ጀርባው ነው።»

አለቃው ጎንበስ ብሎ ጫፉን አየ። ቀስቱ ወደ መሬት ያመለክታል።

«ገልብጠህ ነው እንዴ ያስገባኸው?»

ጉልቤ ከተንበረከከበት ተነሳ። እህቱ ላይ አፈጠጠ። «ጀርባውን ማን ቀቢ አለሽ?»

«ማንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ።»

«የገዛ ወንድምሽን አላመንሽማ» አለ፣ ተበዳዩ እሱ ይመስል።

አለቃው ሳቀ። እሷ ግን ድርሻዋን አትርፋም መሳቅ አቃታት። ያን ሁለተኛ ፊት ስትቀባ፣ ወንድሟ ሳይገለብጠው ድካሟ ከንቱ እንዲቀር ተመኝታ ነበር።