የአልፋዋ አዲስ አሞርዛተር

ያቺ ቀይ አልፋ በአርባ ዓመት ውስጥ ደሴና ኮምቦልቻን ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አላህ ይወቀው። አራት በር ያላት፣ ለፍጥነት የተሠራች መኪና ናት፤ ሐጂ ጀማሉዲን ግን ከኮምቦልቻ ጣቃ ጨርቅ እየጫኑባት እንደ ጭነት በቅሎ አድርገዋት ኖረዋል። ስትነዳ ታስደስታለች፣ ስትቀመጥባት ታሰቃያለች። ልጃቸው ሙንዚር ያደገው በኋላ ወንበሯ፣ ጣቃው ላይ ተቀምጦ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት በወረዱ ቁጥር ጭንቅላቱ ጣሪያውን ይነካል፤ እናቱ ጣይባ ከፊት ወንበር ዞር ብላ «ተርፈሃል?» ትለዋለች፤ አባቱም እየሳቁ ፍጥነት ይጨምራሉ። እንዲያ ያለ ሳቅ ዛሬ የት ይገኛል?

ጣይባ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የተቀበረችው ከሐረጎ ግርጌ፣ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከመንገዱ በታች ባለው መቃብር፣ ከወላጆቿ ጎን ነው። ሐጂ ጀማሉዲን ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ለጨርቅ ሲወርዱ፣ እዚያ ሲደርሱ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ለመቃብሩ ሰዎች ሁሉ ሰላምታ ያቀርባሉ። ቀጥለውም «አሰላሙ ዐለይኪ ጣይባ» ብለው የሳምንቱን ወሬ ባጭር ባጭሩ ይነግሯታል፤ ማን ዳረ፣ ማን ወለደ፣ ማን ከማን ተኳረፈ። ዓይናቸው ጠፍቶ መሪውን ለሙንዚር ከለቀቁ በኋላ እንኳ አንድም ቀን ሰላም ሳይሏት አላለፉም። የት እንደደረሱ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር።

ከዚያ ወገባቸው ተያዘ። ሐኪሙ መንገጫገጭ የሚባል ነገር እንዳይነካቸው ከለከለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከደሴ ሳይወጡ፣ በየሐሙሱ ደጃፍ ተቀምጠው «ጣይባን አንዴ ብቻ ሰላም ብያት ብሞት ምን ነበረበት» ይላሉ። ይህን መስማት ለሙንዚር ከበሽታ የባሰ ነበር።

በመጨረሻ ሻርጃ ያለችውን እህቱን ሱሀይላን አስቸግሮ፣ መንገጫገጭ የሚያበርድ፣ እንደልብ የሚስተካከል አሞርዛተር ከነሞላው አስመጣ። አንገቱ ላይ ያለው ቀለበት ሲዞር መኪናዋ ከፍና ዝቅ ትላለች፤ አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ መዘውር ስትዞር ደግሞ ይለሰልሳል ወይም ይጠነክራል። የደሴው መካኒክ አሞጽ፣ በአልፋ ጉዳይ ከሐኪም በላይ የሚታመን ሰው፣ ዕቃውን እያገላበጠ አየው።

«ፈረንጆቹ ይህን የሚገዙት መኪናቸው መሬት እንድትልስ ነው» አለ እየሳቀ። «እኛ ደግሞ ኮብልስቶኑ ሆዷን እንዳይነካት ከፍ እናደርጋታለን።»

«ከፍታውን ላንተ ትቼዋለሁ። እኔ የምፈልገው ልስላሴውን ነው። አባባ መንገድ ላይ መሆናቸውን እንዳያውቁት አድርግልኝ።»

«እሱማ በጌታ ቀላል ነው» አለ አሞጽና መዘውሯን ቀጭ ቀጭ እያደረገ እስከ መጨረሻው አላላት። የድሮዎቹ አሞርዛተሮች ዝገው፣ ዘይት እያንጠባጠቡ ጥግ ሲጣሉ ሙንዚር አንዴ አጎንብሶ ዳሰሳቸው። ግን ወዲያው ረሳቸው። አዲስ ዕቃ የያዘ ሰው ለአሮጌው የሚያዝንበት ጊዜ የለውም።

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ ጀማሉዲን ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው ወጡ። ሙሽራ መስለዋል ብንል ማጋነን አይሆንም። «ለጣይባ የሦስት ዓመት ወሬ ተጠራቅሞብኛል፤ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉ ሲገቡ።

አልፋዋ አልተንገጫገጨችም። ሙንዚር በየጉድጓዱ ላይ የአባቱን ፊት ሰረቅ እያደረገ ያያል፤ መኮሳተር የለ፣ «ወይ ወገቤ» የለ። ደስታው ልክ አጣ። ሐረጎን ሲወርዱ ስለ ሞላው፣ ስለ መዘውሯ፣ ስለ አሞጽ እጅ ያለማቋረጥ ለፈለፈ። አባቱ አንድ እጃቸውን በሩ ላይ አሳርፈው፣ ጆሯቸውን አቁመው ተቀምጠዋል። ተመችቷቸው ነው ብሎ አሰበ።

«ምነው ሞቀኝሳ?» አሉ በመጨረሻ። «የት ደረስን?»

«ኮምቦልቻ እየገባን እኮ ነው አባባ! አጂብ አይደለም?»

የሐጂ ጀማሉዲን እጅ ከበሩ ላይ ወረደ።

«ጣይባስ?»

ሙንዚር ፍሬን ያዘ።

«ድልድዩን አልፈን ሁለት ጊዜ ነጠር ነጠር ስንል ነበር እሷ ዘንድ መድረሳችንን የማውቀው» አሉ። «ዛሬ ድልድዩም የለ፣ መንጠሩም የለ። ወላሂ ገና ሐረጎ አናት ላይ ያለን መስሎኝ ወሬዬን እያሰናዳሁ ነበር።»

«አፉ ይበሉኝ አባባ፣ እኔ…»

«የኔስ ዓይኔ ጠፍቷል። አንተ በየት በኩል አለፍካት?»

ሙንዚር የመቃብሩን ግራሮች በሁለት ዓይኑ አይቷቸዋል፤ የሞላውን ዝምታ እያዳመጠ አልፏቸዋል። እውነቱን እንናገር ከተባለ መሪውን ከተረከበ ጀምሮ ሲያልፋቸው የኖረው እንዲሁ ነበር። ሰላምታው የአባቱ ሥራ ነው፤ እሱ መሪ ይይዛል፣ አባቱ ይናገራሉ፤ በዚሁ እሱም እናቱን የጠየቃት ይመስለው ነበር። አፈረ። ከማፈሩም በላይ እናቱ ናፈቀችው።

መኪናዋን አዙሮ ዳር ያዘ። የፊቱንም የኋላውንም ኮፈን ከፍቶ አራቱንም መዘውሮች አልዞር እስኪሉት ድረስ አጠነከረ።

«ወገብዎን ይጎዳዎታል» አለ ተመልሶ ሲገባ።

«ወገቡ የኔ ነው። ንዳ።»

ሽቅብ ሲመለሱ የአልፋዋ የድሮ አመል ተነሳ። አስፋልቱ በተጠገነበት ሁሉ ስትዘል ሐጂ ጀማሉዲን ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፤ ፊታቸው ግን እየበራ ሄደ። «ይቺ የወፍጮ ቤቱ ጉድጓድ ናት። ይኸ ደግሞ ጓደኛዬ መሕሙድ ጎማው የፈነዳበት ኩርባ ነው፤ እናትህ ያን ቀን ስንት ሳቀችበት!» ሙንዚር ልጅ ሆኖ ከጣቃው ላይ ሲፈናጠር ይህ ሁሉ የሚያልቅ አይመስለውም ነበር።

ነጠር፣ ነጠር። አባቱ እጃቸውን አነሱ፤ ሙንዚር አቆመ። መስኮቱ ዝቅ አለ፤ ለመቃብሩ ሰዎች ሰላምታ ቀረበ።

«አሰላሙ ዐለይኪ ጣይባ» አሉ ከዚያ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ዘገየሁብሽ።»

የሦስት ዓመቱን ወሬ ግን አልጀመሩትም። በመዳፋቸው የልጃቸውን ጉልበት ፈልገው መታ መታ አደረጉት።

«መጀመሪያ አንተ።»

ሙንዚር ጉሮሮውን ጠረገ። የሚለው ነገር ሞልቶ ነበር፤ ከየት እንደሚጀመር ነው የጠፋው። «አሰላሙ ዐለይኪ እማዬ» አለ፣ ለራሱም በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

«ጮክ በል እንጂ» አሉ አባቱ። «ድምፅህን ከሰማች እኮ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።»