በሕግ አምላክ የቆመው ባሕር ዛፍ

ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ባሕር ዛፉ በቤቴ ላይ መውደቅ ጀምሮ ሳለ ልጄ አንጓች «በሕግ አምላክ!» አለችውና ቆመ።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። እኔ በረት እጠርጋለሁ። ሥር ሲበጠስ ሰማሁና ቀና አልኩ። ዛፉ ከጎረቤቴ ከቸኮል ማሳ ዳር ተነቅሎ ወደ እኛ እየመጣ ነው። ባለቤቴ ብርቄ ምች መትቷት ቤት ውስጥ ተኝታ ነበር። አንጓች ደጅ ላይ እርጥብ ልብስ ታሰጣለች። ሰው በዱላ ሲጣላ እንደሚባለው፣ ቀኝ እጇን አንስታ ጮኸችበት። ዛፉ ከቆርቆሮው በላይ አንድ የሰው ቁመት ሲቀረው ባለበት ቀረ። ቅጠሉ ትንሽ ተንቀሳቀሰና እሱም ተወ።

ዞሬ አየሁት። ግንዱን የያዘው ነገር የለም። ሥሩ ሙሉ በሙሉ ከመሬት ወጥቷል። በሥሩና በጉድጓዱ መካከል አንዲት ዶሮ አልፋ ሄደች።

ቸኮል ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከሥር እስከ ጫፍ ተመለከተው።

«ወዳንተ ነው የወደቀው፣ አያ ልመንህ» አለኝ።

«አልወደቀም።»

«ሲወድቅ ወዳንተ ነው። እኔ ሃያ ዓመት አጠገቡ ስኖር አንድ ቀን እንኳ ዘንበል ብሎልኝ አያውቅም። የወደደህን አንተው አንሳ።»

«የተከልከው አንተ ነህ። ሰው ሰብስበህ አንሳልኝ።»

«ቤትህ ላይ ወጥቼ? ቆርቆሮህ ቢጎዳ ደግሞ ልትከሰኝ?»

እንዲህ ያለውን ዛፍ በገመድ ይዞ ለማውረድና ለመቆራረጥ ሃያ ሰው ለሁለት ቀን ያስፈልጋል። ደቦ የጠራ ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፣ በግ ያርዳል። ወሩም የአረም ወር ነው። እኔን የከበደኝ ግን ድግሱ አይደለም። ቸኮል ድንበሩ ላይ የተከላቸው ሌሎች አሥራ አንድ ባሕር ዛፎች አሉ። ሁሉም ቢወድቁ ቤቴ የሚደርሱ ናቸው። ይህን አንዱን ያነሳ ሰው የቀሩትንም ሲወድቁ ያነሳል፤ አገሩ ፍርድን የሚይዘው እንደዚያ ነው። ቸኮልም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሁለታችንም እንቢ አልን።

አባ እጅጉን አስጠራን። በወጣትነታቸው ችሎት ያገለገሉ ሽማግሌ ናቸው። ዛፉን በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ማን ነው ያቆመው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች አንጓች።

«በሕግ ያቆመ ሰው ፍርድ እስኪሰጥ ካቆመው ጋር ይቆራኛል። ጥለሽው ብትሄጂ ከልካይ የለውም፤ ወርዶ ቤቱን ይጨርሳል።»

አንድ ቅርንጫፍ እስከ ትከሻዋ ይወርድ ነበር። አባ እጅጉ የነጠላዋን ጫፍ ከቅርንጫፉ ጋር ቋጠሩት። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳብ አድርገው አዩት።

«እስከ መቼ ነው?» አለች።

«አባትሽና ቸኮል እስኪስማሙ።»

አንጓች እኔን አየች፤ ቸኮልን አየች። «እንግዲያው ብርድ ልብስ አምጡልኝ» አለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀልድ ታውቃለች። ከማን እንደወረሰችው አላውቅም።

ብርቄን ወደ ማድ ቤቱ አዛወርናት። ለአንጓች ከዝናብ የሚከልል ዳስ ሠራሁላት። በመጀመሪያው እሑድ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቸኮል «ዛፉ ስላልወደቀ ጉዳዩ ገና አልተፈጠረም» ብሎ ተከራከረ። እኔ ደግሞ ቀጥ ብሎም ስላልቆመ ወድቋል አልኩ። አልተስማማንም። በሳምንቱ አጋማሽ የቀበሌው የመሬት ሠራተኛ መጥቶ በሜትር ለካ። የያዘው ቅጽ ላይ «የወደቀ» እና «ያልወደቀ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ። እስክሪብቶውን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያመላልስ ቆየና ሁለቱንም ባዶ ትቶ ሄደ። በሁለተኛው እሑድ ቸኮል ሌላ ሐሳብ አመጣ።

«ልጅቷን ፍቷት። ዛፉም ይውረድ፤ ቤት ይሠራል» አለ።

«የማን ቤት?» አልኩት።

«ያንተ።»

ቆርቆሮውን የከደንኩት አምና ነው። ተነስቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ብርቄ ድና ለአንጓች ምሳ አደረሰችላትና ተመልሳ ወደ እኔ መጣች።

«ልጅቷ ዘማለች» አለችኝ።

ክር ላይ ድንጋይ አስሬ ሄድኩና አጠገቧ አንጠልጥዬ ለካሁ። እውነት ነው። አንጓች ዛፉ በዘመመበት ልክ፣ ዛፉ ወደ ዘመመበት፣ ዘማለች። ተረከዟ መሬት ነክቷል። ማንም ሰው እንደዚያ ሆኖ ሊቆም አይችልም። ያስደገፋትም ነገር አልነበረም።

«ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ ምን ይሰማሻል?»

አሰበች። «ከከፍታ ቦታ እየወረድኩ ያለሁ ይመስለኛል፣ አባዬ። ግን መድረሻ የለውም።»

ማታውን ብርቄ ራት ካቀረበች በኋላ አልተቀመጠችም።

«ደቦውን ጥራ።»

«አሥራ አንዱ ዛፍስ?»

«ዛፉን አሥራ አንድ ብለህ ቆጠርክ። ልጅህንስ ስንት ብለህ ቆጠርካት?»

በማግስቱ አረም ወጣሁ። በሠልስቱም ወጣሁ። ጤፉ መሐል ጎንበስ ብዬ ከቤቴ በኩል ድምፅ እንዳልሰማ ጆሮዬን በጥምጥሜ ሸፈንኩ። አራት ቀን እንዲህ አደረግሁ። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ነኝ የምናገረው።

በአምስተኛው ቀን ሳልፍ አንጓች አልጠራችኝም። ሌላ ጊዜ «አባዬ፣ ዝናብ ይመጣ ይሆን?» ትለኝ ነበር። ዞሬ ሳያት አፏን ገጥማ ዓይኗን ወደ መሬቱ ተክላለች፤ ውሃ ሙላት የሚሻገር ሰው ማዶውን እንደሚያይ። ከማሳዬ ቀርቼ ወደ ቸኮል ደጅ ሄድኩ። ዕርፍ እየጠረበ ነበር።

«እኔ አነሳዋለሁ» አልኩት።

መጥረቢያውን አስቀመጠ። «አሥራ አንዱንም?»

«አሥራ አንዱንም።»

«ሽማግሌ ፊት ትለዋለህ?»

«እላለሁ።»

አልኩ። አባ እጅጉ ፍርዱን ሰጡ። በግ አረድኩ፤ ብርቄና እህቶቿ ጠላ ጠመቁ። ሃያ ሰው መጣ፤ ቸኮልም ሳይጠራ መጥቶ ገመድ ያዘ። ዛፉ ሲወርድ እንደማንኛውም ባሕር ዛፍ ነበር። ከባድ ነበር፤ ቅጠሉ ይሸታል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ግንዱ ተቆራርጦ ተከምሮ አለቀ። አባ እጅጉ ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱት።

አንጓች አልተቃናችም።

እኔና ቸኮል በግራና በቀኝ ይዘን ልናነሳት ሞከርን። አራት ሰው ተጨመረ። ፈቀቅ አላለችም። ሰዎቹ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ወደ ኋላ ቆሙ። አባ እጅጉ ጎንበስ ብለው ፊቷን አዩ።

«ያነሳችሁት ዛፉን ነው» አሉ። «መውደቁ ግን አላለቀም ነበር። እሷ ዘንድ ቀርቷል።»

«መውደቁንስ የሚያነሳ ማን ነው?» አለች ብርቄ።

ሽማግሌዎቹ እዚያው ቆመው ተነጋገሩ። ሲጨርሱ ሁሉም ቸኮልን አዩት። ቸኮል መሬት መሬት እያየ ተናገረ። በክፋት አልነበረም።

«ዛፉን እኔ አነሳዋለሁ ብለሃል፣ አያ ልመንህ። የዛፉ የሆነ ሁሉ ያንተ ነው።»

ይግባኝ የሚባልበት ቦታ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ቸኮል ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ገለባ ተሸክሞ መጣ። ከልጄ ፊት ለፊት መሬቱ ላይ ጎዘጎዘው፤ ጠጠሩን በእጁ ለቀመ፤ ሄደ።

በነሐሴ በቀን አንድ ጣት ትወርድ ነበር። ጳጉሜን ላይ ሁለት ጣት ሆነ። እግሯ አይነቀልም፤ ጉልበቷ አይታጠፍም። ብርቄ ተንበርክካ ታጎርሳታለች። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ ፊቷን ለማየት ገለባው ላይ መቀመጥ ነበረበት። አሁን ደግሞ መተኛት አለበት። መንደርተኛው መምጣት ቀንሷል።

እኔ ማሳ መውጣት ትቻለሁ። ጤፌን ቸኮል ያርምልኛል። ቀን ቀን ገለባው ላይ በጀርባዬ እተኛለሁ፤ ደረቴን እሷ በምታርፍበት በኩል አደርጋለሁ። ብዙ አንነጋገርም። ድሮም ብዙ አናወራም ነበር።

ትናንት ከሰዓት ዓይኗን ገለጠች።

«አባዬ፣ ስንት ቀረኝ?»

በክንዴ ለካሁ። ከደረቴ እስከ ግንባሯ አንድ ክንድ ብቻ ነው።

«ክንድ ከስንዝር» አልኳት።

«ትናንትም ክንድ ከስንዝር ብለኸኝ ነበር።»

«ዛሬም ያው ነው።»

«እንግዲያው ቆሜያለሁ ማለት ነው?»

«ቆመሻል።»

ፈገግ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ነፋስ አልነበረም። ከቸኮል ቤት የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከተኛሁበት ገለባ አንዲት ዘለላ አልተነሳችም። የልጄ ጸጉርና የነጠላዋ ጫፍ ግን ከጀርባዋ ወደ ሰማይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ከገደል እንደሚወርድ ሰው ልብስ፣ በኃይል ይርገበገቡ ነበር።