ፊት ሳይታጠቡ የሚነገር

አባቴ መስታወት ቆራጭ ነበር። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ ከመኝታ ክፍል ወጥቶ ደጅ ለመድረስ በመስታወቶቹ መካከል ማለፍ ግድ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ በበሩ ስትገባ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት መስታወቶች ጠርዛቸው እንደ ጥልቅ ውኃ አረንጓዴ ይሆናል፤ በመንገዱ የሚያልፍ አንድ ሰው አምስት ስድስት ሆኖ ያልፋል። ልጅ ሳለሁ እነዚያ ሰዎች ከእንቅልፌ ያመለጡ ይመስሉኝ ነበር።

በእኛ ቤት የሕልም ባለቤት ያየው ሰው አይደለም፤ የታየው ነው። ያየው ፖስተኛ ብቻ ነው። ጎረቤትህን በሕልምህ ካየህ፣ ፊትህን ሳትታጠብ ሄደህ ለጎረቤትህ ትነግረዋለህ፤ የሞተ ሰው ካየህ ለቤተሰቡ ታደርሳለህ። ከታጠብክ ውኃው ይወስደዋል ትላለች እናቴ። ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ አባቴ እሷን ካገባ በኋላ ለመደው። ገና ከአልጋው ሳይወርድ “ዛሬ ለእኔ የመጣ የለም?” እያለ ይቀልድባት ነበር።

አባቴ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት እናቴ መናገር አቆመች። ትነሳለች፣ የሰጠኋትን ትበላለች፣ ወንበር ስባ ከመስታወቶቹ ፊት ትቀመጣለች። “እማዬ” ስላት ዓይኗን ወደ እኔ ታዞራለች፤ የምታየው ግን እኔን አይደለም፣ ከኋላዬ ያለውን ነው። ቀን በቀን እየሳሳች የምትሄድ መሰለኝ። አባቴን ቀብሬያለሁ፤ እሷን ግን ዓይኔ እያየ፣ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ላጣት ነው ብዬ ፈራሁ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የአእምሮ ጤና ባለሙያው የሸሚዙ ኪስ ላይ ቀለም የፈሰሰበት ወጣት ነው። ፎርሙን አወጣ።

“እማማ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዎታል?”

እናቴ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ታያለች።

“የሞተ ሰው ያያሉ?”

“በሕልም ነው በውን?” አልኩት እኔ።

“ልዩነት አለው?”

“በሕልም ከሆነማ እሰየው ነው” ብዬ ስለ ሕልሙና ስለ ፊት መታጠቡ አስረዳሁት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። እስክሪብቶውን ከደነው።

“እኔ የተማርኩት ሕልም ከራስ ወጥቶ ወደ ራስ ይመለሳል ተብሎ ነው። የእናንተው ሰፈር ይዞራል ማለት ነው።” ፎርሙን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ “ታዲያ በቤታችሁ ሰው ዝም ሲል ምን ይደረግ ነበር?” አለኝ።

“አንዱ ሕልም ያመጣለት ነበር።”

“ለእሳቸውስ ማን አመጣላቸው?”

አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔ አንድም ሕልም አላየሁም። ሌሊቴ ጀርባው ቀለም እንደተቀባ መስታወት ነበር፤ ምንም አያሳልፍም።

በማግስቱ ጠዋት ዋሸሁ።

ፊቴን ሳልታጠብ ሄጄ ወንበሯ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። “እማዬ፣ አባዬን አየሁት። መስታወት እየቆረጠ ነበር። ስድሳ ሁለት በዘጠና አንድ፣ ለእናትሽ ንገሪያት፣ አለኝ።” ቁጥሩን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ አፌ ላይ መጣ።

እናቴ ዞር አለች። ጉሮሮዋ ብዙ ቀን እንዳልተከፈተ በር ሲጢጥ አለ።

“ግልጹን መስታወት ነው ወይስ ብዥ ያለውን?”

ከአርባ ቀን በላይ ድምፅዋን አልሰማሁም ነበር። “ግልጹን” አልኩ።

ተነስታ የአባቴን ሜትር ከምስማሩ ላይ አወረደችና ወጣች። ስድሳ ሁለት በዘጠና አንድ የሆነ መስኮት ፍለጋ! ቤት ለቤት ዞረች። አንኳኩታ “ባለቤቴ ልኮኝ ነው፣ መስኮታችሁን ልለካ” ትላለች። ማን እምቢ ይላታል? ያስገቧታል፣ ትለካለች፣ “ይኼ አይደለም” ትልና ስለ ሕልም ደንባችን ታስረዳለች። ቁጭ በይ ይሏታል። ስለ ሞቱባቸው ሰዎች ያጫውቷታል። ከሰዓት በኋላ የሰውን ሁሉ ወሬ ይዛ ትመለሳለች።

አጠገባችን ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ሰፈሩ “ራዲዮ” የሚላት፣ ሱቃችን በር ላይ ቆማ ጮኸች፦ “ኧረ እናትሽን ያዢልኝ! በዚህ ሰፈር ሰው የምለካ እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ከነመስኮቴ ለክታኝ ሄደች!”

“ሰፋሽባት ወይስ ጠበብሽባት?”

“በአራት ሳንቲም ሰፋሁ አሉ። እድሜ ነው፣ ምን ይደረግ!”

ሳቅኩ። ግን እንዲህ ያለ መስኮት የለማ። ሰፈሩ ሲያልቅባትስ?

በዘጠነኛው ቀን ሰፈሩ አለቀ። እናቴ ሜትሩን እየጠቀለለች ገባችና ከጠረጴዛው ማዶ ቆመች።

“አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። መቁረጫውን በየትኛው እጁ ነበር የያዘው?”

ዓይነ ልቦናዬ ላይ የመጣልኝ እጅ የራሴ ነበር። “በቀኙ” አልኩ።

አባቴ ግራኝ ነበር።

እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከኋላዬ ያለውን ሳይሆን እኔን። “አላየሽውም” አለች።

“አላየሁትም፣ እማዬ።”

“በእሱ ስም ትዋሺኛለሽ!” አለችና ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። በማግስቱ ቃል አልወጣትም። በሦስተኛውም ቀን።

ጤና ጣቢያ በሩጫ ሄድኩ። “ገደልኳት” አልኩት ባለሙያውን።

“ይበላሉ?”

“ትበላለች። ሳህኑን ግን ጓ አድርጋ ነው የምታስቀምጠው።”

“በፊት ዝም ሲሉስ?”

“ያኔ ስታስቀምጥ አይሰማም ነበር።”

ፈገግ አለ። “ተቀይመውሻል እንጂ አልሄዱም። ኩርፊያ ሰው ላይ ነው የሚኮረፈው። ታገሺ። ደግሞ ከእንግዲህ አትዋሺያቸው።”

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ተንኳኳ። ራዲዮ ናት፤ ፀጉሯ ቆሟል፣ ጉንጯ ላይ የትራስ ጥለት ታትሟል። “ፊቴን አልታጠብኩም! ባልሽን አይቼዋለሁ!” አለችና እናቴ ፊት ተቀምጣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተረከች፤ ሕልሟ ውስጥ አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎ “ደህና አደርሽ” ብሏት አለፈ፤ የቀረው ስለ ራሷ ነው። በማግስቱ ሁለት መጡ። እናቴ መስኮታቸውን ስትለካ ደንቡን ነግራቸው የለ? ሰፈርተኛው ዓይኑን እያሻሸ፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ይመጣ ጀመር። ሱቁ በእንቅልፋም ሰዎች ተሞላ፤ በመስታወቶቹ ውስጥ ደግሞ በዙ፣ ማን በአካል ያለ ማን በመስታወት የታየ እንደሆነ እስኪጠፋኝ ድረስ። እናቴ ታዳምጣለች፣ አትናገርም።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዘበኛ መጨረሻ ላይ መጣ። ዓይን አፋር ሰው ነው፤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ።

“እትዬ፣ ሕልሜ አጭር ናት። መንገድ ሲያቋርጥ አየሁት። መስታወት ተሸክሟል መሰለኝ፤ መስታወቱ ግን አይታይም። ሰማዩ ብቻ ነው መንገዱን ሲሻገር የታየኝ፤ ደመናው ከነወፉ። እሱ ከጀርባው ነበር።”

እናቴ ቀና አለች። “በየትኛው እጁ ነው የያዘው?”

“በሁለቱም ነዋ እትዬ። ትልቅ ነበር።”

እናቴ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ተናጠ። ሰውየው ደንግጦ እኔን ያየኛል፤ እኔም መስታወቶቹን አያለሁ፣ በሁሉም ውስጥ ታለቅሳለች። ካበቃች በኋላ አፍንጫዋን ጠረገችና “ግባ፣ ቁርስ አልበላህም” አለችው።

ከዚያ በኋላ እየተናገረች፣ እየተቆጣችኝ ከረመች። እኔ ግን ሕልም አጥቼ ቀረሁ። ጠዋት “አለ?” ትለኛለች፤ “የለም” እላታለሁ። አልዋሸሁም።

አንድ ቀን ማለዳ ጫማዬን ሳስር አልጋዬ ጠርዝ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ፀጉሯ ተንጨባሯል።

“ዛሬ ለአንቺ ነው” አለችኝ።

“አባዬን አየሽው?”

“አንቺን ነው ያየሁት።”

“ምን ሳደርግ?”

“ተኝተሽ።”

“በሕልምሽ ተኝቼ? ይኼማ ምን ሕልም ይባላል!”

“ዝም በይ። ያየሁትን ነው የማደርሰው።” ጎንበስ ብላ ያሰርኩትን ጫማ ፈታችው፤ እግሬን እንደ ሕፃን እግር አንስታ አልጋው ላይ አስቀመጠች። “ደክሞሻል፣ ልጄ። ዛሬ ሱቁን እኔ እከፍታለሁ።”

ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳበችልኝ። የሱቁ በር ሲንሸራተት ሰማሁ። ብርሃኑ በመስታወቶቹ ተመላልሶ እስከ ጣሪያዬ መጣ። ከዚያ የአንድ ደንበኛ ድምፅ፣ ቀጥሎም የእናቴ፦

“እንዲህ ነው እንዴ ሜትር የሚያዘው? ቀጥ አድርገህ ያዘው እንጂ፣ ወንድሜ!”

ዓይኔን ጨፈንኩ።