«ኮምፒውተሩ ሲሞት እመጣለሁ»

እናትየው ቃሏን የሰጠችው በገዛ አፏ ነው፤ «ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተር ሲሞት ያኔ ቤትህ ልኖር እመጣለሁ»። ጡረታ የወጣች ጸሐፊ ናት። የሰፈሩን ሰው ጽሑፍ ሁሉ በዚያ አሮጌ ዴስክቶፕ ትተይባለች። ልጇ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው። ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯን ወለም ካላት ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ክው ይላል።

ዛሬ ጠዋት ራሷ ደወለችለት። «ሞተ መሰለኝ» አለችው። መሣሪያውን ይዞ ከነፈ፤ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታወቅበት ግን ተጠንቅቆ ነበር የገባው።

ኮምፒውተሩ እንደ ሙሽራ ዳንቴል ተከናንቦ ጠበቀው።

«እማዬ፣ ሲሠራም እንዲህ ትሸፍኚዋለሽ?»

«ታዲያ አቧራ ይጠጣ?»

«መተንፈሻው እኮ በጀርባው ነው! አፍነሽ ገደልሽው።»

«አንተንም እንዲሁ ሸፋፍኜ ነው ያሳደግኩህ። ምን ሆንክ?»

ሶኬቱን ነቅሎ ሳጥኑን ከፈተ፤ ወደ ዋናው ሰሌዳ፣ ወደ ማዘርቦርዱ፣ የሚገባውን ትልቁን ገመድ አወጣ። ያለ ማዘርቦርዱ እንዲነሳ የወረቀት ክሊፕ አቃንቶ የገመዱን አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር አገናኘና ሶኬቱን መልሶ ሰካው። ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ፋኑ ሽው ብሎ ዞረ። ፋኑ ከዞረ ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ነው የሚል ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ጥፋቱን በማዘርቦርዱ ያላክካል። በዚህ ዕድሜ ላለ ማዘርቦርድ ደግሞ ምትክ ከየት ይመጣል? ሞቶ አረፈ ማለት ነው። ልጁም እዚያው ሊያቆም ምንም አልቀረው። እናቱን ቤቱ ማስገባት ምን ያህል እንደናፈቀ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

እጁ ግን እንቢ አለው። ኃይል የሚስብ ሸክም እንዲሆነው ትንሽ የመኪና አምፖል አገናኘና በቢጫው ሽቦ ላይ ቮልቱን ለካ። አሥራ ሁለት መሆን ሲገባው ዘጠኝ ላይ ተልፈሰፈሰ።

«እህስ?» አለች እናትየው በሩን ተደግፋ።

አምፖሉን ነቀለ። «አልሞተም፣ እማዬ። ፓወር ሰፕላዩ ነው። ባዶውን ይዞራል፤ ሸክም ሲሰጡት ይወድቃል። እሱ ከተቀየረ የሚነሳ ይመስለኛል።»

እልል ትላለች ብሎ ሲጠብቅ ፊቷ ቅጭም አለ። ከኋላዋ ወደ መኝታ ቤቱ አሻግሮ ቢያይ፣ ሻንጣዋ ተዘግቶ አልጋው አጠገብ ቆሟል።

«ሞቷል ብዬ እኮ ነው» አለች እንደ ማፈር ብላ። «በቃ፣ ካልሞተ ቃል ቃል ነው። የት እሄዳለሁ?»

ግትርነቷን ጠንቅቆ ያውቃል፤ «ነይ» ቢላት አትመጣም። ብሎኖቹን ቀስ እያለ ለቀመ።

«እዚህ ግን አይጠገንም» አላት። «ዕቃው ያለው እኔ ቤት ነው። መተኛት አለበት።»

«ለስንት ጊዜ?»

«እንደ በሽተኛው ነው። ይሄ ደግሞ ሽማግሌ ነው፣ ቶሎ አይወጣም።»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። እናትየው ሄዳ ሻንጣዋን ይዛ መጣች።

«በሽተኛ ያለ አስታማሚ ይተኛል እንዴ?» አለችና ቀድማው ወጣች።