የማይነቃነቀው ስልክ

ፕሮግራሜ አርባ ውሸታም ስልኮችን ለቀም አደረገልኝ! በደስታ ጣሪያ ልነካ ምንም አልቀረኝም።

የምሠራው የመንገድ ጥገና ቢሮ ውስጥ ነው። ነዋሪው በስልኩ ላይ አፕ ይጭናል፤ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ስልኩ ንዝረቱን ይልክልናል። በዚያ ወር የሚጠገነው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ወይ የሆቴሉ ወይ የክሊኒኩ። ክሊኒኩ እህቴ በቀጣዩ ወር የምትወልድበት ነበር። ምጥ ይዟት በዚያ ጉድጓድ ላይ ስትንገላታ ማሰቡ ራሱ ያመኝ ነበር። በሪፖርት ብዛት የሚመራው ግን የሆቴሉ መንገድ ነበር። ነገሩ ስላልጣመኝ፣ ከብዙ ሺህ ጉዞ ተምሮ እውነተኛውን ንዝረት ከሐሰተኛው የሚለይ ፕሮግራም ሠራሁ። ለካስ የሆቴሉ መንገድ አርባ ስልኮች በአንድ ሰከንድ፣ በአንድ ልክ ነው የሚዘሉት! አንዱ ብልጥ ስልኮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ጠረጴዛውን እየነቀነቀ ነበር።

አለቃዬ ዝርዝሩን አነበቡና አርባ አንደኛው ላይ ቆሙ። "ይሄኛውስ?"

ቁጥሩን ሳይ ክው አልኩ። እንቁላል አከፋፋዩ አጎቴ! በባለሦስት ጎማ ተሽከርካሪው በክሊኒኩ መንገድ በቀን አሥር ጊዜ ይመላለሳል፤ ስልኩ ግን አንድም ቀን አልዘለለም።

"አጎትሽ ነው ውሸታሙ ወይስ ፕሮግራምሽ?" አሉኝ። "አንድ ንጹሕ ሰው ከወነጀለ ሌላውንም አላምነውም። የሚጠገነው መንገድ የሚወሰንበት ስብሰባ ከምሳ በኋላ ነው።"

አጎቴ ጋ በረርኩ። "ጋሼ፣ ስልክህን የት ነው የምታስቀምጠው?"

"እንቁላሉ መሀል፣ ስፖንጁ ላይ ነዋ! እንዳይሰበር።"

ባለሦስት ጎማው ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ... ጉድጓድ ግን አንድም አልነካንም።

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ እንቁላል አልሰበርኩም" አለ ጉራውን እየነዛ። "ሚስቴን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ አልያዝኳትም።"

ያን ጊዜ በራልኝ! ስልኩ ባይዘልም የሄደበትን መስመር ይመዘግባል። ቢሮ ተመልሼ መስመሩን ካርታ ላይ ስዘረጋው፣ አጎቴ የታጠፈበት ቦታ ሁሉ በክሊኒኩ መንገድ የሌሎቹ ነዋሪዎች ስልኮች ከዘለሉበት ጋር ገጠመ። ስድሳ ሦስት ጉድጓድ፣ ስድሳ ሦስት መታጠፊያ! ፕሮግራሙን መስመሩንም እንዲያይ አድርጌ እንደገና አስተማርኩትና ቁልፉን ተጫንኩ። አጎቴ ከዝርዝሩ ወጣ፤ አርባዎቹ እዚያው ቀሩ። ጮህኩ። አለቃዬ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ።

"ወረቀቱን ስጪኝ" አሉ፤ "ራሴ ነኝ የማቀርበው።"

እህቴ ወልዳ ከክሊኒኩ ስትወጣ አጎቴ እንቁላሉን አራግፎ፣ ስፖንጁን ለእሷና ለልጇ አንጥፎ ጠበቃት። አዲሱ አስፋልት ልስልስ ብሏል። ሕፃኗ እንቅልፍ ላይ ናት። አጎቴ ግን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ...

"ጋሼ፣ ጉድጓዱ እኮ ተደፍኗል!" አልኩት እየሳቅሁ።

"አውቃለሁ" አለ። "እጄ ገና አልሰማም።"