የጭሱ መውጫ

"ጋሽ ሙላቴ፣ እዚህ የነበረው ቀዳዳ የት ሄደ?"

ፈንታነሽ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ነበር። ሙላቴ ጥያቄውን እንደ ምስጋና ቆጠረው። ሠላሳ ዓመት ግንበኛ ሆኖ ሲኖር ሥራውን እንዲህ ዳብሶ ያደነቀለት ሰው አልነበረም።

"አታገኚውም!" አለ ፈገግ ብሎ። "በብሎኬት ስባሪ ጠቅጥቄ፣ ለስኜ፣ ሁለት እጅ ቀለም አጠጥቸዋለሁ። የጉና ነፋስ ራሱ ቢፈልገው አያገኘውም።"

"ደፈኑት?"

"ታዲያስ! ቀኑን ሙሉ ስትቆሚ ብርዱ ወገብሽን ይምታሽ?"

ፈንታነሽ አልሳቀችም። ባልተከፈተው ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ካርቶኑ ውስጥ በዚያ ቀዳዳ ሊገጠም የመጣው ጭስ ሳቢ ሞተር ነበር።

ክፍሉ የእህል መጋዘን ሆኖ የኖረ ነው። አሁን በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ክኒን ደህና መሆኑ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ሆኖ ዛሬ ዓርብ ሊመረቅ፣ ሰኞ ሥራ ሊጀምር ነው። ሙላቴ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ለፍቶበታል። እንዳትነቃነቅ ተብላ በድንጋይ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው ሚዛን ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠችለትም፤ "ንግሥት ናት እንዴ?" እያለ ያልፋታል። ከቀዳዳው ሥር የቆመውን ባለመስታወት ሳጥንም ዕቃ ማስቀመጫ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር።

"እዚህ ሳጥን ውስጥ አሲድ ነው የሚፈላው" አለች ፈንታነሽ። "ጭሱ በዚያ ካልወጣ እኔ ደረት ውስጥ ነው የሚገባው።"

"መስታወት አለው አይደል? መዝጋት ነው።"

"እጄንስ በየት ላስገባ? ለመሆኑ ጋሽ ጌጡን ምን የጣላቸው ይመስልዎታል?"

ጌጡ ከእርሷ በፊት የነበረው ባለሙያ ነው። በግቢው ጥግ ባለችው አሮጌ ክፍል አምስት ዓመት ሠርቶ፣ አሁን ቤቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ሲሄድ ሦስት ቦታ ቆሞ ይተነፍሳል። የሙላቴ የቅርብ ጎረቤቱ ነው።

"እሱንማ ብርድ ነው የመታው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።"

"ሰፈሩ ሐኪም ነው? ሳንባቸውን የበላው የአሲድ ጭስ ነው። የዚያች ክፍል መስኮት ተደፍኖ ነበር።"

ሙላቴ መስኮቱን ማን እንደደፈነው ያውቃል። አንድ ሐምሌ ጌጡ እየተንቀጠቀጠ ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ "ሙላቴ ወንድሜ፣ ያችን መስኮት ዝጋልኝ፣ ብርዱ ሊገድለኝ ነው" ብሎት ነበር። በማግስቱ እሑድን ሳያርፍ ደፈነለት። ጌጡም "እጅህ ይባረክ" ብሎ መረቀው።

"ጌጡ ያውቃል?" አለ።

"ምኑን?"

"በሽታው ከመስኮቱ መሆኑን።"

"ሐኪሙ ሲነግራቸው አጠገባቸው ነበርኩ። ማን ደፈነው ብላቸው ግን አልነግርሽም አሉኝ።"

ጌጡ ከታመመ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙላቴ በየሳምንቱ ማር ይዞ ሲሄድ ጌጡ ተቀብሎ ያመሰግነዋል። ሙላቴም አጠገቡ ተቀምጦ ብርዱን አብሮት ሲረግም ይውላል።

በሩ ተከፈተ። የመሥሪያ ቤቱ ምክትል ኃላፊ አቶ ዳኛቸው የርክክቡን ቅጽ ይዞ ገባ። ከረቫቱ አዲስ ነው።

"ፈንታነሽ፣ ቶሎ ፈርሚ። የምረቃው እንግዶች የሐሙሲትን ከተማ አልፈዋል።"

"የጭሱ መውጫ ተደፍኗል። እንዴት ብዬ ነው የምረከበው?"

ዳኛቸው ግድግዳውን አየ። የወደደው ይመስላል። "አሁንማ ቀለሙ አይነካም። ዛሬ ውሃ አፍልተሽ አሳዪያቸው፤ እንፋሎቱም ያምራል። ቀዳዳውን በሚቀጥለው በጀት እናየዋለን።"

"ሰኞስ?"

"ሰኞ ጭምብል ታደርጊያለሽ።"

"ጋሽ ጌጡም ጭምብል ነበራቸው።"

"እኔ ስለ ጌጡ አላወራሁም" አለ ዳኛቸው፣ ቅጹንና እስክሪብቶውን እያቀበላት። "ኮንትራትሽ ሰኔ ላይ ያልቃል። ካልፈረምሽ ማን እንደሚያድስልሽ እንጃ።"

ፈንታነሽ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ግን አልፈረመችም። ቅጹ ላይ አቀርቅራ ቀረች።

ሙላቴ ወደ ዕቃ ከረጢቱ ሄዶ መሮና መዶሻ አወጣ። ሳጥኑን በላስቲክ ሸፈነ፤ ሚዛኗንም ሸፈናት። ቀዳዳው በትክክል የት ላይ እንደነበር ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለምና አልለካም፣ አልዳበሰም። መሮውን ደገነና መታ። ነጩ ልስን እንደ ሰሃን ተሰነጠቀ።

"ጋሽ ሙላቴ! ምን ነካዎት? የግቢውን የአጥር ሥራ ለእርስዎ ብዬ ይዤልዎት ነበር እኮ!" አለ ዳኛቸው።

ሙላቴ ደግሞ መታ። የብሎኬቱ ስባሪ አዲሱ ወለል ላይ ተንኮታኮተ። ፈንታነሽ ቀና ብላ አየችው፤ እስክሪብቶውን ከቅጹ ላይ አንስታ ኪሷ ከተተች።

"እንግዶቹ በር ላይ ሲደርሱ እኔ ምን ልበላቸው?" ዳኛቸው ጮኸ።

ሙላቴ ፊቱን ሳያዞር መሮውን አስተካከለ።

"ትንሽ ደጅ ይቆዩ በሏቸው" አለ፤ "አቧራው ለደረት ጥሩ አይደለም።"