የጠፋው ክዳን

ሐሰበላ የእህቴ ባል ነው፤ ባይሆን ኖሮ የጋራዤን ደጅ አይረግጥም ነበር። ዓምና መኪናውን ይነዳለት የነበረውን አንድ ልጁን ሙዘሚልን፣ አትባራ ገበያ መሀል «ሌባ» ብሎ ከመኪናው አውርዶታል። አሮጌው ቤድፎርድ የጭነት መኪና ትንሽ ይሄድና ይቆማል። ልጁ «አባ፣ ናፍጣ አልስብ አለ» ሲል፣ አባት «ናፍጣዬን እየሸጠ ነው» አለ። ልጁም ወደ አቡ ሐመድ፣ ወርቅ ቁፋሮ ሄደ። እዚያ ጉድጓድ ሰው እንደሚውጥ የማያውቅ የለም። እህቴ ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ክው ትላለች።

አሁን የሚነዳው ሐሰበላ ራሱ ነው። መኪናው እሱንም አቆመው።

«ያልቀየርኩት የለም» አለኝ። «ፊልትሮው አዲስ፣ ፖምፓው አዲስ። የሰው ዓይን ነው እንጂ ምን ይሆናል?»

«እስቲ ዓይኑን ከናፍጣው ሰልባትዮ ውስጥ እንፈልገው።»

ሞተሩ ሲጠፋ የናፍጣ ቱቦውን ፈትቼ ወደ ሰልባትዮው ነፋሁ። አየሩን አስወጥቼ ሳስነሣው ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ውስጡ የሚንሳፈፍ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሞተሩ ሲስብ ቱቦው አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ሲጠፋ ይለቃል። የሥሩን ብሎን ፈትቼ በጠርሙስ ቀዳሁ። ከታች ውሃ፣ ከላይ ናፍጣ፣ መሀሉ ጥቁር ዝቃጭ። ሰልባትዮውን አውርጄ ጠጠርና ንጹሕ ናፍጣ ጨምሬ አንገላታሁት፤ ዝገትና ጭቃ ተፋ። በመጨረሻ በሽቦ ስጎረጉር ጨርቅ ወጣ፤ ዳሩ አረንጓዴ ጥልፍ አለው።

የሐሰበላ ጥምጥም ነው። የሰልባትዮው ክዳን የጠፋ ጊዜ ሙዘሚል አዲስ እንግዛ ብሎ ለምኖት ነበር። «ጨርቅ ይበቃዋል» ብሎ ከጥምጥሙ ቀድዶ የወተፈው ይኸው ሰውዬ ነው። አንዱ ወደ ውስጥ ሲገባበት ሌላ ቀደደ፤ ዛሬም ያንኑ ወትፎ ነው የመጣው።

ደሜ ፈላ።

«ደውልለት!»

«አሁን ቁፋሮ ላይ ይሆናል።»

«ደውል አልኩህ፣ አንተ ሰው! የእህቴን ልጅ መልስልኝ!»

ደወለ። ድምፁን እኔም እንድሰማ ከፈትኩት። ሙዘሚል እያሳለ አነሣ።

«አባ? እማ ደህና ናት?»

ሐሰበላ ናፍጣ የሚንጠባጠበውን ጨርቅ እያየ ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን ይነግረዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«ደህና ናት። መኪናው ተሠርቷል። ይቅር ብዬሃለሁ፣ ና።»



«ምን አድርጌ?» አለና ልጁ ስልኩን ዘጋው።

ሐሰበላ ወደ እኔ ዞረ።

«አየህልኝ ጥጋቡን?»